በእናቴ ብርድ ስለሚሞቀው ቢሮዎ

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳዳሪ
ሁለተኛ ፎቅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ፤ ሙቀትዎን ግን አልጠይቅም፤ እሱን ከእናቴ መኝታ ቤት ሆኜ በሚገባ አውቀዋለሁና። እኔ ከቢሮዎ ሥር፣ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ሳንባዋን ከሚያማት የሰማንያ አንድ ዓመት እናቴ ጋር የምኖር የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ሐኪሟ ብርድ እንዳይነካት ብሎ፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አስምሮ ጽፎልኛል።

፩ኛ. በየፎቁ የሙቀት መለኪያና ማሞቂያ አስተክለው፣ መሣሪያዎቹም በኔትወርክ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ስላደረጉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የትኛው መለኪያ ለየትኛው ማሞቂያ እንደሚናገር የሚወስነውን ሠንጠረዥ የሞሉት ባለሙያ፣ መለኪያዎቹን ሲቆጥሩ ምድር ቤቱን አንድ ብለው ጀመሩ፤ ማሞቂያዎቹን ሲቆጥሩ ደግሞ ዜሮ ብለው። ከዚያ አንድን ከአንድ፣ ሁለትን ከሁለት አጋብተው ፈርመው ሄዱ። በሃያ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ስሕተት ገጥሞኝ አያውቅም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ የሠራው ልጅ ግን ሰባት ዓመቱ ነበር።

፪ኛ. በዚህ የተነሳ ምድር ቤት ያለው ዳቦ ጋጋሪ ምድጃውን በለኮሰ ቁጥር፣ የእሱ መለኪያ ሙቀት በዛ ብሎ ለእኛ ማሞቂያ ይነግረዋል፤ ማሞቂያችንም ታዛዥ ነውና ሙቀቱን ዘግቶ ቀዝቃዛ አየር እናቴ ላይ ይለቃል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ በኤሌክትሪክም እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። እናቴ ስትንቀጠቀጥ ደግሞ የእኛ መለኪያ ብርዱን ለቢሮዎ ማሞቂያ ያስታውቃል፤ እርስዎም ኮትዎን ያወልቃሉ።

፫ኛ. አራት ማመልከቻ አስገባሁ። ጸሐፊዎ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ኮምፒውተሯን ከፍታ የአንደኛ ፎቅ ሙቀት ሃያ ስምንት ዲግሪ መሆኑን፣ ማለትም በዚያው ሠንጠረዥ በእኛ ስም የገባውን የዳቦ ጋጋሪውን ሙቀት፣ አሳየችኝና፣ እናቴን የሚበርዳት እርጅና ሊሆን እንደሚችል በትሕትና አስረዳችኝ።

፬ኛ. ቢቸግረኝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቼ ከአልጋዋ አጠገብ አስቀመጥኩ። እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳትስል አንቀላፋች። ያን ዕለት ግን ቢሮዎ ቀዘቀዘ። ለአራቱ ማመልከቻዎቼ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው አስተዳደር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ደረሰበት፤ ጥበቃውም የሕንፃውን አሠራር ያውካል የሚል ወረቀት ሰጥቶኝ፣ ይቅርታ እትዬ፣ ታዝዤ ነው እያለ ማሞቂያዬን ተሸክሞ ወጣ። ስለ ቅልጥፍናዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከዚህ በኋላ የማደርገው ጠፍቶኛል። ሠንጠረዡን ማረም የሚችሉት ባለሙያው ናቸው፤ ባለሙያውን የሚያስጠራው የእርስዎ ፊርማ ነው፤ እርስዎ የሚፈርሙት ሲበርድዎት ነው፤ እርስዎ እንዲበርድዎት ደግሞ እናቴ መሞቅ አለባት። ሰሌዳ ላይ ጽፌ ብሞክረውም አልተፈታልኝም።

ሁለት ሹራብ ደርባ፣ ጓንት አጥልቃ የጻፈችልዎ፣
ዘወትር ከእግርዎ በታች የምትገኝ አክባሪዎ

ማሳሰቢያ፦ ነገሩን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋት። ለመሆኑ ሰውየው ይሞቀዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ኮቱን ሁሉ ያወልቃል አልኳት። ተመስገን፣ እንዲያው በከንቱ አልበረደኝማ አለችና ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው።