አባዬ መብራቱ ደብዝዟል ይላል

…እና አባዬ ዓይናችንን በእማዬ ሻሽ አስሮ ጣታችንን ሽቦው ላይ ሲያስኬድ፣ አንተ በሻሹ ስር አጮልቀህ «አገኘሁት!» ስትል፣ እሱም ሳይቆጣ «አይ ውቤ፣ አየኸው እንጂ አላገኘኸውም» ሲልህ። ከዚያ ምን እንደሆነ ጠፋብኝ። የላላውን ሽቦ መጨረሻ ላይ ማናችን እንዳገኘነው አላስታውስም። ሰሞኑን የማስበው ይህንኑ ስለሆነ ሰላምታዬን ሳላስቀድም ከመሃል ገባሁ፤ ይቅር በለኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ለጤናህ እንዴት ነህ? ሃና እንዴት ናት? ትንሿ ፀደንያ ጥርስ አወጣች? የጁባ ሙቀት በረድ አለላችሁ? ወባውስ? እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ ያልነገርኩህ ቤታችንን ስለምታውቀው ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ የማንሾካሹከውን አባዬ በረንዳ ሆኖ ይሰማል። ጆሮው እንዲህ የተሳለው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ሳስብ ነው የፈራሁት። ከሱቅ ልደውል ስልም ቁጥርህን መትቼ መልሼ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጭነት ይዞ ወደ እናንተ በሚመጣው በዛኪር እጅ እልከዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በቮልሱ ነው። ከሁዳዴ በፊት አባዬ የፊት መብራቱ ደብዝዟል አለ። እንደምታውቀው እሁድ እሁድ ጎህ ሳይቀድ እማዬንና ጎረቤታችንን እትዬ ሸዋርካብሽን ጭኖ ራጉኤል ለኪዳን ይሄዳል። ሶማሌ ተራ ካለችው ሱቄ አዲስ አምፖል ይዤ መጣሁ። ቀየርኩት። ደብዝዟል አለ። ባትሪውን አስሞላሁ። ደብዝዟል። እሱ ራሱ እንዳስተማረን አምፖሉን ትቼ የሽቦውን መንገድ ተከተልኩ፤ ፊውዙን፣ ማብሪያውን፣ ሶኬቱን። በመጨረሻ የማሳውን ብሎን ስፈታ፣ ከአምፖሉ የሚመጣው ሽቦ የመኪናውን ገላ የሚነካበት ቦታ በዝገት ተበልቶ አገኘሁት። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አሰርኩት። መሸት ሲል ማብሪያውን ስስበው የግቢው ግንብ ነጭ ሆነ። ልብስ ከገመድ ላይ ትሰበስብ የነበረችው እትዬ ሸዋርካብሽ «ኧረ በማርያም፣ ዓይኔን አጠፋችሁት!» ብላ በነጠላዋ ተሸፈነች። አባዬ መብራቱ ፊት ቆሞ ነበር። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ነው። ዓይኑን እንኳ አላጠበበም። «ያው ነው» አለ። «ደብዝዟል።»

ማናችንም እውነቱን አልነገርነውም። እትዬ ሸዋርካብሽ ነጠላውን ከዓይኗ ሳታነሳ «እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ትንሽ ደከም ብሏል» አለች። እማዬም «ደክሟል» አለች። በማግስቱ ከሱቄ ጎን የሚሸጠው አብራር መጥቶ «የዘንድሮ አምፖል መቼ አምፖል ሆነ አባባ» አለው። ሽማግሌ አይታረምም ብለን ግቢው በሙሉ ያላየነውን ድንግዝግዝ መሰከርንለት። እሱም አመነን። ለብቻው ሆኖ ሳገኘው ዓይንህን እናሳይ ብለው «መብራቱ ታሞ እኔን ሐኪም ቤት?» ብሎ ሳቀብኝ።

ከትንሣኤ በኋላ በአንዱ እሁድ፣ ምን አለሽ ተራ አጠገብ፣ አባዬ ቆርቆሮ የተሸከመ ሰው ሊገጭ ለጥቂት ነው የተረፈው። እማዬ ጮኸች። ሰውየው ሸክሙን ጥሎ ዘለለ። አባዬ ወርዶ ጉልበቱን ይዞ ይቅርታ ለመነው። ተመልሶ ሲገባ ግን «ኢየሩስ መብራቱን በደንብ ብትሠራው ኖሮ አየው ነበር» አለ። ይህን እማዬ የነገረችኝ ቧንቧውን ከፍታ፣ በውሃው ድምፅ ተከልላ ነው።

ነገ የግንቦት ተክለ ሃይማኖት ነው። ስለት አለበት፤ ሁለቱን ሴቶች ጭኖ በጨለማ ለደብረ ሊባኖስ ሊነሳ ነው። አውቶቡስ አለ ስንለው «ቮልሱ ቆሞ?» አለን። እኔ ልንዳ ብሎ ማለት ደግሞ አይታሰብም። መንጃ ፈቃዴ የሚኖረው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የዚያን መኪና መሪ ከእሱ በቀር ማን ይዞት ያውቃል? የሾፌሩን በር እንኳ የሚችልበት እሱ ብቻ ነው፤ ዛሬም ሁለት ጊዜ ካልተመታ አይገጥምም። አንዴ ተገፍቶ የሚዘጋው የተሳፋሪው በር ነው፤ እሱ የእኛ ነው።

ስለዚህ ብልሽት ሠራሁ። የአባዬን ሕግ ታውቃለህ፤ መብራት የሌለው መኪና ከግቢያችን አይወጣም። ከፌስታል ቁራጭ ቆርጬ በግራም በቀኝም የማሳው ብሎን ስር አስገባሁና መልሼ አጠበቅሁት። ከውጭ ሲታይ ምንም የለውም። ሁለቱም መብራቶች ድርግም ብለው ቀሩ።

ሰሞኑን አባዬ ከመኪናው አጠገብ አልጠፋም። በመሞከሪያ አምፖሉ መስመሩን ሁሉ ፈተሸ። አምፖሏን እጁ ላይ ይዞ «በራ?» ይለኛል። «በራ» እለዋለሁ። «ታዲያ እዚህ ድረስ ደርሶ ወዴት ይጠፋል?» ይላል። አብራር ብቅ ብሎ «አባባ፣ ለምን አለሽ ተራ እንስጠው፤ ቆንጆ ምድጃ ይወጣዋል» ሲለው «ከአንተ ራስ ጋር ነዋ የማስቀልጠው፣ ሂድ ወዲያ!» ብሎ ከልቡ ሳቀ። ሥራ በማግኘቱ ደስ ብሎታል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ መሞከሪያውን አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። መፍቻ ይዤ አጠገቡ ነበርኩ። ጣቶቹ ሽቦውን ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ። ብሎኑ ላይ ቆሙ። ፈታው። «ዝገት እንዲህ አይለሰልስም» አለ። ፌስታሏን አውጥቶ በሁለት ጣቱ አሻት። ወደ ሌላው ጎን ሄደና ያኛውንም ፍለጋ ሳያስፈልገው አወጣው። አሰረ። ማብሪያውን ሳበ። ከዚያ መዳፉን መስታወቱ ላይ አድርጎ እስኪሞቅ ጠበቀ። ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ወደ እኔም አልዞረም። ሁለቱን ቁራጮች አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። እኔም ገብቼ ይህን ወረቀት አወጣሁ።

ወንድም ጋሼ፣ ይህ ሲደርስህ ነገ አልፏል። ስለ ነገ አልለምንህም፤ ከነገ ወዲያ ስላለው ነው። እዚህ ሁላችን ያልቻልነውን አንተ ከሩቅ ትችላለህ፤ ፊቱን አታየውምና። ደውልና «መብራቱ ደህና ነው አባዬ፣ ዓይንህ ነው» በለው። ሞራ ከሆነ ይገፈፋል ይላሉ። ካልሆነም ይታወቅ።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ቀዝቃዛ ውሃ አታብዛ ትላለች። እትዬ ሸዋርካብሽ በጸሎቷ አልረሳችህም። አብራር ከዋጋው ምንም ሳይቀንስ ሰላም ብሎሃል። ሃናን እቀፍልኝ፣ የፀደንያን ጉንጮች በየተራ ሳምልኝ። አባዬም ሰላም ይልሃል፤ ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ መጻፌን አያውቅም።

እህትህ ኢየሩስ
አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ፣ አብነት
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፖስታውን ገና አላሸግሁትም። እማዬ እዚሁ ከጎኔ የነገውን ስንቅ እየቋጠረች ነው። እትዬ ሸዋርካብሽ ከቤቷ አልወጣችም። ግቢው ውስጥ ያለው አባዬ ብቻ ነው። አሁን «ኢየሩስ» ብሎ ጠራኝ፤ ሌላ አልጨመረም። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። እስክሪብቶውን እንደያዝኩ የቮልሱን በር ሁለቱን ምት ጠበቅሁ። በሩ አንዴ ተዘጋ።