«እንዴት አደራችሁ» በማለቴ ለቀረበብኝ ክስ የተሰጠ መልስ

ለተከበሩ የውሃ መሥሪያ ቤታችን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለተከበሩት የኮሚቴው አባላት ሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና ጣሪያው የማያፈስ ቢሮ እመኛለሁ። የክስ ደብዳቤዎ በክብር ደርሶኛል። ስሜ የተጻፈበት ፖስታ ከመሥሪያ ቤቱ ከመጣልኝ ብዙ ጊዜ ስለሆነ፣ ከመክፈቴ በፊት ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅዎትም።

እንደሚያውቁት ሁላችሁም ወደ አዲሱ ሕንፃ ስትዛወሩ የቆጣሪ ጥገና ክፍሉ «ለጊዜው» በአሮጌው ግቢ እንዲቆይ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ሻለቃ እያልን የምንጠራው አለቃችን ጡረታ ወጣ፣ ጸሐፊዋ ተዛወረች፣ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው ጓደኛዬም ሞተ። በምትካቸው ማንም ስላልተመደበ የቀረነው እኔና ወንበሮቻቸው ነን። አሁን ወደ ክሶቹ ልለፍ።

አንደኛ፣ «በሥራ ሰዓት ማንነታቸው ካልታወቀ ግለሰቦች ጋር መሰብሰብ» ተብያለሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት «ቤቶች! እንዴት አደራችሁ?» ማለቴን ዘበኛው መስክሯል፤ እውነቱን ነው፣ እላለሁ። ኮሚቴው «አደራችሁ» የሚባለው ለብዙ ሰው መሆኑን መርምሮ በክፍሉ ከአንድ በላይ ሰው እንደነበረ ማረጋገጡን ሳነብ በሰዋስው ዕውቀታችሁ ኮርቻለሁ። «እንዴት አደርክ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ክሱ በአንድ ሰው ይቀልልኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ እናቴ ቤት ባዶም ቢሆን ሳይሰላሙት አይገባም እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ የእርሷን ጥፋት በእኔ ላይ ማድረጋችሁ ተገቢ ነው።

ሁለተኛ፣ «ተሰብሳቢዎቹን በስም አለመግለጽ»። ክፍሉን ደጋግሜ ፈተሽኩ። ጠረጴዛው ላይ መስታወታቸው የተሰበረ ቆጣሪዎች አሉ፣ መስኮቱም የሚያሳየው ግድግዳ ነው። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የእኔው ግን አፍ ስለሌለው ምስክር ባደርገው አይጠቅመኝም።

ሦስተኛ፣ «ከሥራ ባልደረቦች ጋር ተባብሮ አለመሥራት»። በአንደኛው ክስ ከሰው ጋር በመሰብሰቤ፣ በሦስተኛው ከሰው ባለመግጠሜ መከሰሴ ምንም እንዳይቀርብኝ ስለታሰበልኝ ነው፤ አመሰግናለሁ። አምና በሥራ አፈጻጸም ምዘና ከክፍሉ አንደኛም መጨረሻም የወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ብቻውን የሮጠ ማን ይቀድመዋል።

ቀልዱን ለአፍታ ላቁመው፣ ይቅርታዎ አይለየኝ። ብቸኝነቱ ከብዶኛል። ልጄ ከተዳረች ወዲህ ቤቴም ከቢሮዬ አይሻልም። አንዳንድ ቀን ለዘበኛው የማቀርበው ሰላምታ የዕለቱ ንግግሬ ሁሉ ነው፤ እርሱም እንደሚያዳምጠኝ ያወቅሁት ከምስክርነት ቃሉ ነው።

ደብዳቤዎ ሰዎቹን ካልተናገርኩ ከሥራ እንደምሰናበት፣ «ማንም አልነበረም» ብዬ ከፈረምኩ ግን ክሱ ተዘግቶ ወደ ክፍሌ እንደምመለስ ይገልጻል። ጡረታ ሳይወጡ መባረር ምን እንደሆነ አላጣሁትም። ሆኖም ያቺን ቃል ልጽፍ ብዕር ባነሣ እጄ እምቢ አለኝ፤ ፈርሜ የምመለሰው ወዴት እንደሆነ አውቃለሁና። ስለዚህ ጉዳዬ በአካል እንዲሰማልኝ፣ አምስታችሁም የኮሚቴው አባላት ፊት ለፊቴ ተቀምጣችሁ እንድትጠይቁኝ፣ ስትጠይቁኝም እንዳትቸኩሉ አመለክታለሁ።

ከማይገባኝ ትኩረታችሁ በታች እጅ የምነሣ፣

የክፍሉ ሰብሳቢ፣ ተሰብሳቢና ቃለ ጉባኤ ያዥ፣
የቆጣሪ ጥገና ሠራተኛው

ማሳሰቢያ፦ ጥፋተኛ ነህ ብላችሁ ብትወስኑ ቅር አይለኝም፤ ይግባኝ እላለሁ። የይግባኝ ኮሚቴው ሰባት አባላት እንዳሉት ሰምቻለሁ።