ሦስት ቀበሌ የዞረው የወይዘሮ ሥራነሽ ኮምፖስት

ለተከበሩ አቶ ጌቱ፣
የዋርካ አምባ ቀበሌ ሊቀ መንበር
ባሉበት

እንደምን ሰነበቱ? የጮቄ ብርድ አጥንትዎ ሳይዘልቅ፣ ጭቃው ሞተር ብስክሌትዎን ሳያንገላታ፣ የስብሰባው ብዛት ጉሮሮዎን ሳያደርቅ ሰንብተው ከሆነ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። እኛ የቀበሌዎ ገበሬዎች፣ ሰኔ ደርሶ ልባችን ከመቆሙ በቀር፣ ደኅና ነን። ሰላምታው እንዳይረዝምብዎ ብለን እንጂ ከብቶቹም እጅ ይነሳሉ።

እኔ እንደሚያውቁኝ ቄስ ዘማርያም ነኝ። ጎረቤቶቼ ብዕር ያስያዙኝ ንዴትን በትሕትና መጠቅለል ይችልበታል ብለው ነው፤ እስቲ እሞክራለሁ።

መሬታችን አሲድ በልቶት ገብሱ እየቀጨጨ ሲያስቸግረን፣ መላ እንምታ ብለን የተነሣነው ከሰንበቴ ማኅበራችን ነበር። በየደጃችን ኮምፖስት እናዘጋጅ፣ በማሳችን ላይ ምን እንደሚዘራም እኛው እንምከር ተባብለን፣ ከጎጥ ጎጥ እየዞርን ያልሰማውን አሰማን። ከሁላችን ቀድመው የጀመሩት ባለቤታቸው ያረፉባቸው ወይዘሮ ሥራነሽ ናቸው። እበቱን፣ አመዱንና ቅጠሉን ሲያገላብጡ ከርመው፣ ፋሲካ ሲያልፍ የሚያምር ጥቁር ክምር አወጡ። ክምሩ የታሰበው ለአንዲቷ የገብስ ማሳቸው ነው፤ ከእሷ ሌላ መሬት የላቸውም። ይህን ካስታወስንዎ በኋላ ወደ ምስጋናችን እናልፋለን።

አንደኛ፣ እንቅስቃሴያችንን በተግባር ስለደገፉልን እናመሰግናለን። ሮብ ጠዋት ሰው ልከው ለወይዘሮ ሥራነሽ ኮምፖስት ወንፈል ውጡ አስባሉን። ወንፈል ከተባለ ደግሞ ወዴት ነው፣ ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ፣ አህዮቻችንን እየነዳን ከች አልን። ባለቤቲቱ ገበያ ወጥተዋል። ለማሳቸው የምንጭን መስሎን ክምሩን ጠርገን ጫንን፤ የእርስዎ ሰው ከአውራ ጎዳናው ዳር አስራገፈንና ማሳው ድረስ እኛ እናስገባዋለን ብሎ አሰናበተን። እኔ ጅሉማ መስቀሌን አውጥቼ መርቄ ተመለስኩ። የሴትዮዋን ልፋት በገዛ ጎረቤቶቿ ጉልበትና በካህን ቡራኬ መውሰድ፣ እኛ እስከምናውቀው ድረስ፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩ ሊቃነ መናብርት ያላሰቡት አሠራር ነው።

ሁለተኛ፣ ክምሩ አገር እንዲያይ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። በዚያው ቀን የኮምፖስት ሥልጠናውን ውጤት ሊጎበኙ ከወረዳ የመጡት እንግዶች እኛ ዘንድ አይተው አጨበጨቡለት። እነሱ ምሳ ሲበሉ ክምሩ በአይሱዙ ተጭኖ ቀድሟቸው ጎረቤት ቀበሌ ደረሰ፤ እዚያም አጨበጨቡለት። አመሻሽ ላይ ደግሞ በሦስተኛው ቀበሌ ተገኝቶ የክብር አቀባበል ተደረገለት። የወይዘሮ ሥራነሽ የጠፋች አንድ እግር ኮንጎ ጫማ በሦስቱም ፎቶ ላይ ከክምሩ ጎን ብቅ ብላ ትታያለች። አንድ እንግዳም የሦስቱ ቀበሌ ኮምፖስት እንዲህ መመሳሰሉ የሥልጠናውን ውጤታማነት ያሳያል ብለው በፌስቡክ መጻፋቸውን አነበብን። እኔ በዕድሜዬ በመኪና ተንሸራሽሬ የማላውቅ ሰው፣ ይቅር ይበለኝ፣ በእበት ቀናሁ።

ሦስተኛውን ምስጋና ምስጋና ብዬ ለመጻፍ ብዕሬ እምቢ ብሎኛል። የእርስዎ ኮሚቴ ቤት ለቤት ሲቆጣጠር የወይዘሮ ሥራነሽን የኮምፖስት ጉድጓድ ባዶ አገኘውና፣ ኮምፖስት ያላዘጋጁ ሰነፍ ገበሬ ናቸው ብሎ በሰው ፊት ገሠጻቸው። ይህም አልበቃ ብሎ፣ በዚሁ ጥፋት ማሳቸው ሁሉም አንድ ሰብል ከሚዘራበት ከኩታ ገጠሙ እርሻ ገብቶ ቀበሌው የመረጠው ስንዴ እንዲዘራበት ተወሰነ። ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ክምሩን የወሰዱት እርስዎ፣ ባዶ ነው ብለው ያገኙት እርስዎ፣ የፈረዱት እርስዎ፤ ጥፋተኛዋ ግን እሳቸው ሆነው አረፉት። በዚያች ማሳ ገብስ ካልበቀለ የሚበሉት የላቸውም። እኔ ደግሞ ክህነቴ ከሚፈቅድልኝ በላይ ተናድጃለሁ።

አራተኛው ስለ ምርጥ ዘር መዘግየት ነበር፤ ዘሩ ሲደርስ እጽፍልዎታለሁ።

እንግዲህ በታላቅ ትሕትና የምንለምንዎ፣ ክምሩ ከዙረቱ ተመልሶ ከመንገዳችን ዳር ቀጣዩን እንግዳ እየጠበቀ ስለሆነ፣ የዘር ጊዜ ሳያልፍ ለባለቤቱ እንዲመለስ፣ ውሳኔውም እንዲሻር ነው። በወይዘሮ ሥራነሽ ማሳ ላይ የሚዘራውን የሚመርጡት ወይዘሮ ሥራነሽ ናቸው። ይህን ማለት በእርስዎ ፊት ድፍረት ከሆነ፣ ድፍረቱን በደስታ እንፈርምበታለን።

ከእግርዎ ሥር እንደ ሣር ዝቅ ብለን፣ እንደ ሣሩ ግን እንዳይረግጡን እየተማጠንን፣ ዕድሜዎን እንዲያረዝምልን፣ የጉብኝቶችዎን ብዛት ደግሞ እንዲያሳጥርልን የምንጸልይ፣

ቄስ ዘማርያም አበረ
ስለ ሰንበቴ ማኅበሩ ገበሬዎች

ድኅረ ጽሑፍ፦ የደብዳቤው ቀለም ሳይደርቅ ዝናቡ ጣለ፤ ዝናብ ደግሞ የቀበሌ መልስ ጠብቆ አያውቅም። ስለዚህ ትናንት ሌላ ወንፈል ወጣን፤ በዚህኛው ወዴት እንደምንሄድ አስቀድመን ተጠያየቅን። ክምሩ ማሳው ላይ ተበትኗል፣ ወይዘሮ ሥራነሽም ገብሳቸውን ዘርተው አፈር አልብሰውታል። ሰኞ ከክልል እንግዶች እንደሚያመጡ ሰምተናል። ከመንገዱ ዳር ያስተከሉትን «ሞዴል ኮምፖስት» የሚለውን ታፔላ የመንግሥት ንብረት ነው ብለን አልነካነውም፤ ቦታው ባዶ እንዳይመስል እርስዎ ከሥሩ ይቁሙበት።