ሰባት ቁጥር እና ሠላሳ ሦስት ቁጥር

ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን 2017

ዛሬ የአጭር ልቦለድ ውድድሩን ነጥብ ለማስረከብ ካዛንቺስ ሄጄ ነበር። እኛ ዳኞች ድርሰቶቹን የምናውቃቸው በቁጥር ብቻ ነው። የስም ዝርዝሩ በታሸገ ፖስታ አስተባባሪዋ ሂሩት ዘንድ ይቀመጣል። ፖስታውን ከፍታ ስታይ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ሰባት ቁጥርና ሠላሳ ሦስት ቁጥር የአንድ ሰው ናቸው። ድርሰቱም ያው ራሱ ነው!»

ጸሐፊዋ የቄራ ልብስ ሰፊ ናት። መጀመሪያ በእጇ ጽፋ አስገባች፤ ኋላ አይቀበሉኝ ይሆናል ብላ ፈርታ አስተየበችና ደገመችው። እኔ ለእጅ ጽሑፉ ሃምሳ አራት፣ ለተተየበው ሰማንያ አንድ ሰጥቻለሁ። አንዱን ካነበብኩ በኋላ ሌላውን እስካነብ ሦስት ሳምንት አልፏል። ቢሆንስ? አንድ ድርሰት መሆኑን እንኳ አላወቅኩም!

ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። አንድ ቃል አልተለወጠም። በመጀመሪያው ኅዳግ ላይ «ዝርክርክ ነው» ብያለሁ፤ በሁለተኛው ላይ «የሰከነ አተራረክ»። የሰከነው ምኑ ነው? ማተሚያው?

«በቃ አማካዩን ልያዝ?» አለችኝ ሂሩት።

«ኧረ ተይ፣ ሰማንያ አንዱን ያዢ።»

ልጅቷ ለመጨረሻው ዙር አለፈች። ፍርድ ያቃናሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ እስከ መስቀል አደባባይ በእግሬ ወረድኩ።

እዚያ ስደርስ ሌሎቹ ትዝ አሉኝ። በእጅ የተጻፉ ዘጠኝ ድርሰቶች ነበሩ፤ አንዱም አላለፈም። ስለ ምን እንደሚያወሩ ለማስታወስ ሞከርኩ።

ትዝ የሚለኝ የእጅ ጽሑፋቸው ብቻ ነው።