ወደ ቀኝ የምትጎትተው አውሮፕላን

ሰኞ

መጣች! ለግሪሳ ወፍ መርጫ የተላከችልኝ አውሮፕላን ዛሬ አሶሳ አረፈች። ቢጫ፣ ባለ አንድ ወንበር። ያመጣት አብራሪ ቁልፍና መመሪያውን አስረክቦኝ በከሰዓቱ በረራ ተመለሰ። እንዲህ ዓይነቷን አብርሬ አላውቅም። መመሪያውን እስከ ግማሹ አነበብኩ። ሸርቆሌ አካባቢ ማሽላው እየተበላ ነው፣ ገበሬዎቹ ስልክ በስልክ አድርገውኛል። ነገ ጠዋት ባዶዋን እሞክራታለሁ።

ማክሰኞ

ተርፌያለሁ።

መንደርደር እንደጀመርኩ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ሄደ። እግሬ እንደለመደው ቀኙን ፔዳል ረገጠ። ባሰባት። አጥብቄ ረገጥኩ! ጅራቷ ዞረ፣ ከመንደርደሪያው ወጣን፣ ሣሩ መስኮቱን ገረፈው። ሞተሩን አጠፋሁት። አጥሩ ጋ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ቆመች። የግራ ክንፏ ጫፍ ተጭሯል።

መካኒኩ አብዱልዋሂድ እየሮጠ ደረሰ። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፣ አማርኛው ገና ነው። «አልሐምዱሊላህ! አንቺ ደህና ነው?» አለኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሳቄ መጣ።

ከሰዓት አለቃዬ ከአዲስ አበባ ደወለ። «ፍሬን ነው አይደል?» አዎ ማለት እንዴት ይቀላል! ፍሬኑን የፈተሸው ግን አብዱልዋሂድ ነው፤ አዎ ብል እንጀራውን ያጣል። «ላጣራ» ብዬ ዘጋሁ። አፈርኩ።

ረቡዕ

አገኘነው! አብዱልዋሂድ የፊቱን ፕሮፔለር በእጁ እያዞረ «የድሮው እንዲህ ይዞራል፤ ይሄ እንዲህ። ተቃራኒ ነው» አለ። ለካ የለመድኳት ወደ ግራ ስትጎትት ይህቺ ወደ ቀኝ ነው! መመሪያው ላይም ተጽፏል፣ ባላነበብኩት ግማሽ።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። «ፍሬን አይደለም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።» ከሥራ ያባርረኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን «መመሪያውን ጨርሺ። መሬት ላይ ተለማመጂ። መካኒኩ ክንፏን አይቶ ከፈረመ ትነሻለሽ» አለ።

ቀኑን ሙሉ መንደርደሪያው ላይ ወዲያ ወዲህ። ግራ እግር። ግራ። ግራ! ጭኔ ዝሏል።

ሐሙስ

በረርኩ! አብዱልዋሂድ ጠዋት ክንፏን አይቶ ፈረመልኝ። አፍንጫዋ ወደ ቀኝ መሄድ ሲያምረው ግራ እግሬ ቀደመው። ቀጥ ብላ ሄደች፣ ከዚያ መሬቱ ለቀቀን። የአሶሳ ቆርቆሮ ሁሉ ከሥሬ አብረቀረቀ። ብቻዬን ጮህኩ፣ ዘፈንኩ፣ ደግሞም አለቀስኩ።

ስወርድ አብዱልዋሂድ «ዛሬ አንቺ ጥሩ ነው!» አለኝ። አለቃዬ ስለ ፍሬኑ እንደጠየቀኝም፣ እኔ «ላጣራ» ብዬ እንደዘጋሁም ነገርኩት። «ማለሽ፣ ግድ የለም» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። አልተቀየመም መሰለኝ።

ነገ ወደ ማምሻው፣ ወፎቹ ማደሪያቸው ላይ ሲሰበሰቡ፣ በሙሉ ጭነት ሸርቆሌ ነኝ። ስትከብድ ጠባይዋ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ፈርቻለሁ፤ ደግሞ መጠበቅ አቅቶኛል።