ውሃ በጠፋበት ቀን ስለረጠበው ደረጃ

ለክቡር ርእሰ መምህር ሉበን ካራጆቭ፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ለመላ አካልዎ ጤናን፣ ለጆሮዎችዎ ደግሞ ከሁሉ አብልጬ ጤናን እመኛለሁ። እኔ ከትምህርት ቤትዎ በር ፊት ለፊት የምኖረው ባልቴት ኔዳ ቡዩክሊዬቫ ነኝ፤ በዚሁ ትምህርት ቤት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በጽዳት ሠራተኛነት አገልግያለሁ። ይህን ደብዳቤ የሙታን ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ፣ ከባለቤቴ የሙት ዓመት ወረቀት አጠገብ በመለጠፌ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በከተማችን ሰው ቆሞ የሚያነበው ወረቀት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

የምጽፍልዎ ላመሰግንዎ ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይደባለቅብኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩. ኮሪደሩ ላይ ስላሰቀሉት የምሥጢር ሣጥን አመሰግናለሁ። የተከፋ ልጅ ሁሉ ስሙን ሳይጽፍ ብሶቱን እንዲጨምርበት ብለው ነበር፤ የሦስተኛ ክፍሏ ቢሴራም አመነችዎ። ወደ ክፍሏ በምትወጣበት ደረጃ ላይ ቀይ ጨርቅ በክንዳቸው አስረው ሥርዓት እንዲያስከብሩ ያቆሟቸው ሁለት የሰባተኛ ክፍል ተረኞች በየቀኑ በጥፊና በእርግጫ እንደሚያሳልፏት ጻፈችልዎ። ስሟን አልጻፈችም። ከግርጌው ግን ሽመላ ሣለች፤ ልጅ ናትና።

፪. ግልጽነትን ስለሚወዱ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን በጠዋቱ ሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ ለመላው ተማሪ አነበቡት። ጠንቃቃ ሰው ስለሆኑ ስም አላነሱም፤ ሥዕሉን ብቻ ከፍ አድርገው እያሳዩ «እንዲህ ያለች ሽመላ የሣለ እጅ ይባረክ!» አሉ። በዚያ ግቢ ሽመላ የሚሥለው የማን እጅ እንደሆነ ከእርስዎ በቀር የማያውቅ አልነበረም።

የባረኩት እጅ ጤነኛ ሆኖ የቆየው እስከ ምሳ ሰዓት ነው።

፫. ስለ ተረኞችዎ ትጋት አመሰግናለሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እነሱም የሰው ልጆች ናቸው። ከወጥ ቤቴ መስኮት እያየሁ በፀጉሯ እየጎተቱ ወደ ከሰል ማስቀመጫው ምድር ቤት በሚያወርደው የውጭ ደረጃ አፋፍ ወሰዷት። አንዱ ከኋላ ያዛት፤ ሌላው ያን እጅ አጥንቱ እስኪጮህ ጠመዘዘው። «አንቺ ሽመላ! እስኪ ብረሪ እንይሽ!» ብለው ወረወሯት። አሥራ አንድ የሲሚንቶ ደረጃ ነው፤ እያንዳንዱን ለዓመታት በጉልበቴ ተንበርክኬ አጥቤዋለሁና ቁጥሩን አልስትም። እየሮጥኩ ስደርስ አንደኛው ሳቁን ሳይጨርስ «እማማ፣ አይድከሙ! እየተጫወትን እኮ ነው!» አለኝ። የክርኗ አጥንት ቆዳዋን በስቶ ወጥቶ ነበር። ሁለት ጥርሶቿን ከሰባተኛው ደረጃ ላይ ለቅሜ በመሀረቤ ቋጥሬያቸዋለሁ፤ ከፈለጓቸው እኔ ዘንድ አሉ።

ሆስፒታል ውስጥ እጇ ስላበጠ፣ በማርች መግቢያ ለጤና ብለን በየልጁ አንጓ የምናስረውን ቀይና ነጭ ክር ሐኪሙ በመቀስ ሊቆርጠው ሆነ። ቢሴራ ስለ አጥንቷ አላለቀሰችም። «ክሬን አይቁረጡብኝ! ገና ሽመላ አላየሁም!» ብላ ነው የጮኸችው። ክሩ ሽመላ እስኪታይ አይፈታምና፣ እርስዎም በልጅነትዎ እንዲሁ ይጠብቁ ነበር።

፬. ከሁሉ በላይ ግን ስለ ተአምርዎ አመሰግናለሁ። ለመምህራን ጉባኤ ባዘጋጁት ወረቀት ላይ «ተማሪዋ በረጠበ ደረጃ ላይ አዳልጧት ወደቀች» ብለው ጽፈዋል። ዝናብ ከጣለ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። የአሁኗ የጽዳት ሠራተኛ ጊና እንድትፈርምበት የተሰጣትን ወረቀት ይዛ ቤቴ መጥታ እያለቀሰች «አክስቴ ኔዳ፣ ካልፈረምሽ ከሥራሽ ትባረሪያለሽ አሉኝ። እኔ እኮ ያን ቀን መወልወያ እንኳ አልነካሁም፤ ከንጋት ጀምሮ የከተማው ውሃ ጠፍቶ ነበር!» አለችኝ። እኔም ልጅቷን ሳነሳ ተንበርክኬበት ነበርና እመሰክራለሁ፤ ቀሚሴን ያረጠበው ደም ብቻ ነው።

ይህን የረጠበ ደረጃ አውቀዋለሁ፣ ክቡር ሆይ። የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት አንድ መምህር የአንድን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጭንቅላት ከክፍሉ ማሞቂያ ብረት ጋር አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አላተመው። ከልጁ ግራ ጆሮ የወረደውን ደም ያጠብኩት እኔ ነኝ። «ተማሪው በረጠበ ደረጃ ላይ አዳልጦት ወደቀ» በሚለው ወረቀት ላይ፣ ደረጃውን አርጥቤዋለሁ ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ያኔ ከጽሕፈት የማውቀው ስሜን ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ከመፈረሜ በፊት ተነቦልኛልና አላመካኝም። ማንበብን ብቻዬን፣ ከተጣሉ የልጆች መጻሕፍት የተማርኩት ያንን ወረቀት በገዛ ዓይኔ ላነበው ብዬ ነው። ግልባጩ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። በልጁ ስም ቦታ ላይ የተጻፈው የእርስዎ ስም ነው።

አዲሱ ወረቀትዎ ከዚያኛው የሚለየው በስሙና በቀኑ ብቻ ነው። እኔ እንኳ ግልባጩን ሳላይ ቃል በቃል አላስታውሰውም ነበር፤ እርስዎ ግን አስታውሰውታል።

ሐሙስ ዕለት ጉባኤው ወረቀቱን ካጸደቀ፣ ቢሴራ ሰኞ ክንዷን በጀሶ አሳስራ በእነዚያው ሁለት ተረኞች መካከል ወደ ክፍሏ ትወጣለች። ጊና አትፈርምም፤ እስክሪብቶዋን ወስጄባታለሁ። እኔ ግን ሁለቱን ወረቀቶችና መሀረቤን ይዤ እመጣለሁ። በሩ ቢዘጋብኝ እንኳ በማግሥቱ የጠዋት ሰልፍ አለ፤ ግልጽነትን ስለሚወዱ የድምፅ ማጉያውን እንደማይከለክሉኝ አምናለሁ።

አክብሮቷ ከእድሜዋ የረዘመ፣ አፏ ግን ዘግይቶ የተከፈተላት አገልጋይዎ፣
ኔዳ ቡዩክሊዬቫ

ተጨማሪ ቃል፦ ይህ ለርእሰ መምህሩ ሳይሆን፣ ያኔ ሉብቾ እያልን ለምንጠራው ልጅ ነው። ያን ቀን ጆሮህን ሳጥብልህ «አክስቴ ኔዳ፣ አልወደቅኩም በያቸው» ብለኸኝ ነበር። አላልኳቸውም። ሐሙስ እላቸዋለሁ። የምቀመጠው በሚሰማህ በቀኝ ጆሮህ በኩል ነው፤ አልሰማሁም እንዳትል።