የጋሽ ሆርዶፋ አፍንጫ

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ዛሬም ፀጉር አጠባ። አሥራ አንድ ራስ። ጣቶቼ ተጨማድደው ቀሩ። ስድስት ወር ሙሉ ፌሻል፣ የፊት ቆዳ አያያዝ፣ የተማርኩት እኔ ማራናታ ሻምፖ ሳፈስ እውላለሁ! ሰምሃል የፌሻል ክፍሉን ለማንም አታምንም። ሳሎኑ የሷ፣ ክፍሉ የሷ፣ ብላክሄድ፣ ያን አፍንጫ ላይ የሚጠቁር ነጠብጣብ፣ የምትጨምቅበት ብረትም የሷ። ደንበኛው እያለቀሰ ይወጣል፣ ደግሞ ይመለሳል። "ካላመመ አልሠራም" ባይ ነው ሁሉም። አይ የኛ ሰው!

ከሰዓት ፌናን የምትባል ደንበኛችን አባቷን እየጎተተች መጣች። ሠርጓ የካቲት 1 ነው። አባትየው ጋሽ ሆርዶፋ ይባላሉ። ድሮ ቦሌ አራብሳ በኩል ገበሬ ነበሩ፣ አሁን የውሃ ቦቴ ሹፌር። ዕድሜ ልኩን ፀሐይ የመታው ወፍራም ቆዳ... አፍንጫቸው ላይ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ይመስላል። በር ላይ ቆመው "ይሄ የሴት ቤት ነው፣ አልገባም" አሉ።

"አባዬ፣ ፎቶ ላይ አጠገቤ የምትቆመው አንተ አይደለህ?" አለቻቸው። ገቡ።

ሰምሃል በብረቷ ዛሬውኑ ልትጨርሳቸው ነበር። አፌ አላርፍ አለ። "ይሄ ቆዳ በአንድ ቀን እሺ አይልም። በግድ ከተጨመቀ ይጠቁራል። ለሠርጉ ጠባሳ ይዘው ነው የሚቆሙት" አልኩ። ደንበኛ ፊት! ሰምሃል ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም።

"እንግዲያው አንቺ ሥሪያቸው። ካማረባቸው ክፍሉ ያንቺ። ካልሆነ ከሻምፖው አትነሺም።"

እሺ አልኩ። ምን ነካኝ? እኔንጃ... ግን ልክ ነኝ።

ጥር 4፣ ሰኞ

የመጀመሪያው ቀን። አጠብኩ፣ ስቲም አደረግኩ። ቀጭን ቆዳ በእንፋሎት ወዲያው ይለሰልሳል። የሳቸው ወይ ፍንክች! ሳሊሲሊክ አሲድ ቀባሁና ጠበቅኩ። ቀዳዳው ውስጥ ደርቆ የተጋገረውን ቅባት የሚፈታው እሱ ነው። ከዚያ ጣቶቼን በፋሻ ጨርቅ ጠቅልዬ ከግራና ከቀኝ ወደ ታች ጫን፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ላይ። ጥፍር የሚባል ነገር የለም። ሁለቴ ተሞክሮ እምቢ ያለ ለሌላ ቀን ይቀራል። ይሄ ሕጌ ነው።

"ልጄ፣ ጠንከር አድርጊው እንጂ! እኔ እንደሆነ አያመኝም።"

"ጋሼ፣ እርስዎን ባያምዎት ቆዳዎን ያመዋል።"

ሳቁ። ግማሹ እንኳ አልወጣም። ማታ ማታ የሚቀቡትን ቀለል ያለ አሲድ ሰጥቼ "ትንሽ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ እንዳይደነግጡ" ብዬ ሸኘኋቸው።

ጥር 11፣ ሰኞ

ጥምቀት። ሳሎን ዝግ። ተኝቼ ዋልኩ።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ጉድ ሆንኩ! ጋሽ ሆርዶፋ ብሶባቸው መጡ። ከአፍንጫቸው አልፎ ግንባራቸው ሁሉ ጉብ ጉብ ብሏል። ፌናን ልታለቅስ ምንም አልቀራት። "አባቴን ምን አደረግሽው?" ሰምሃል ከኋላዬ "ብዬሽ ነበር" እያለች ብረቷን ከመሳቢያ አወጣች። አሲዱን አበዛሁት? ስድስት ወር ምን ተማርኩ?

አስተኛኋቸው። ጠጋ ብዬ ሳይ... ሸተተኝ። ቅቤ!

"ጋሼ፣ ፊትዎን ምን ተቀቡ?"

ፈራ ተባ እያሉ፣ "ባለቤቴ ናት... ቆዳዬ ሲላጥ አይታ አንጀቷ አልቻለም። ለጋ ቅቤ አናቴን ቀባችኝ፣ የተረፈውን አፍንጫዬን። ለጥምቀት በዚያ ፀሐይ ታቦት ስንሸኝ ቀልጦ ፊቴን አለበሰኝ።"

ምን ብዬ ልቆጣ? እናቴም ብትሆን ይህንኑ ነው የምታደርገው። ለኛ ሰው የደረቀ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ቅቤ ነው። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ይላጣል አልኩ እንጂ ሲላጥ ምን እንደማይቀባ አልተናገርኩም። የኔ ጥፋት ያ ብቻ ነው። አሲዴን ግን ማንም እንዳይነካብኝ!

"ብረቱን አስቀምጪው" አልኳት ሰምሃልን።

"አሥራ ሰባት ቀን ነው የቀረው።"

"ይበቃኛል።" አፌ ነው እንጂ ልቤስ...

ጥር 15፣ ዓርብ

ፌናን ወደ ቤታቸው ወሰደችኝ። እናቷ "ቅቤ ደግሞ ሰው ይጎዳል? አይ ዘመን!" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ክፉ አስበው አይደለም። ቀዳዳው በቅባት ሲደፈን ምን እንደሚሆን በእርጋታ አስረዳኋቸው። መጨረሻ ላይ "እማማ፣ እስከ ሠርጉ አናታቸውም ፊታቸውም የኔ ነው። ከዚያ ይረከቡኛል" ስላቸው በሳቅ ፈረሱ። ቅቤው ቆመ።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ግንባራቸው ጠራ! ተመስገን ጌታዬ።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ዛሬ አፍንጫው እጁን ሰጠ። ያ ስንት ዓመት የተቀመጠ ግትር ብላክሄድ አንድ በአንድ ጨርቁ ላይ ወጣ። ምንም ሳልታገል! ለስላሳ፣ ሙሉ በሙሉ፣ ከነሥሩ። ሰምሃል በር ላይ ቆማ ታያለች።

"እነዚያ የቀሩት ሁለቱስ?" አለች።

"እምቢ ብለዋል። ይቆዩ።"

ቀዝቃዛ ፎጣ አድርጌ መስታወት ሰጠኋቸው። ጋሽ ሆርዶፋ አፍንጫቸውን በጣታቸው ዳበስ አደረጉ፣ ደገሙ። "ይሄ የኔ ነው?" አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው መረቁኝ፣ እጅሽ ይባረክ ብለው። እንባዬ መጣ፣ በስቲሙ አሳበብኩ።

የካቲት 1፣ እሑድ

ፌናን ከሠርጉ ላይ ፎቶ ላከችልኝ። አባት ቀና ብለው ቆመዋል፣ ፊታቸው ጥርት ያለ። ጠባሳ የለ፣ ጥቁረት የለ። አስፍቼ አሥር ጊዜ አየሁት። ኮራሁ። አዎ፣ ኮራሁ! ምን ያሳፍረኛል?

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሰምሃል ወደ ፌሻል ክፍሉ ጠራችኝ። ልትመርቀኝ ነው ወይስ ልትቆጣኝ? በሩን ዘጋች። ሜካፗን በፎጣ ጠረገችው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፊቷን ባዶውን አይቼው አላውቅም። አፍንጫዋና ጉንጯ ዙሪያ ጥቁር ጥቁር ጠባሳ... ራሷን በራሷ ስትጨምቀው የኖረችው።

አልጋው ላይ ወጣችና ተጋደመች።

"ዛሬ ትጨርሽልኛለሽ?"

"አልጨርስም። ቆዳሽ መጀመሪያ ማረፍ አለበት። ሁለት ወር።"

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ።

"እሺ" አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ሰምሃል እሺ አለችኝ! የክፍሌ የመጀመሪያዋ ደንበኛ አለቃዬ ሆነች።